የቢሮና የቤት ካላንደር ከአፕግሬድ በኋላ፦ የሥራ ማስታወሻ

መስከረም 8 ቀን 2018

የቢሮ ኮምፒውተሬ ከዊንዶውስ 10 ወደ 11 ተቀየረ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠው ድጋፍ ጥቅምት 4 (ኦክቶበር 14 ቀን 2025) ያበቃል። ስለዚህ የአይቲ ክፍሉ ማሽኖቹን ከወዲሁ እየቀየረ ነው። አብሮ የሜይልና የካላንደር ፕሮግራሙ አውትሉክም አዲሱ ሆነ።

የቢሮዬን ካላንደር ከቤቱ ጉግል ካላንደር ጋር ሲያገናኝልኝ የኖረው አንድ ነፃ ፕሮግራም ነው። ከድሮው አውትሉክ ጋር የሚነጋገረው ኮም በሚባለው የቆየ የዊንዶውስ መንገድ ነበር። አዲሱ አውትሉክ ይህን መንገድ ጭራሽ አይቀበልም። በሴቲንግ የሚስተካከል ነገር አይደለም፤ ሌላ መፍትሔ መፈለግ ነው።

ባለቤቴ ነርስ ናት፤ የተረኝነት ቀኗ በየሳምንቱ ይቀያየራል። እኔ ከጄኔቫና ከዋሽንግተን ሰዎች ጋር ብዙ ስብሰባ አለብኝ። ልጃችንን ዛሬ ከትምህርት ቤት ማን ያመጣዋል የሚለውን የምንወስነው ስልካችን ላይ ያለውን ካላንደር አይተን ነው። ካላንደሩ ከተሳሳተ ልጁ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል።

አሁን ቀጠሮ ያለባቸው ቦታዎች፦ የቢሮው ሰርቨር፣ የቤቱ ጉግል አካውንት፣ የእኔ ስልክ፣ የባለቤቴ ስልክ፣ አሮጌው ላፕቶፕ ላይ ያለው ተንደርበርድ የሚባል የሜይልና የካላንደር ፕሮግራም። አንዱም ከአንዱ ጋር አይስማማም።

መስከረም 11

ከመጠገን በፊት ማጽዳት። አንዳንዱ ስብሰባ ሁለቴ፣ ሦስቴ ተደርድሮ ይታያል።

ምክንያቱን አገኘሁት። በክረምቱ ስልኬ አፕዴት ሲሆን የሜይል መተግበሪያው የቢሮ ቀጠሮዎችን ወደ ስልኩ ካላንደር መገልበጥ ጀምሯል። ነፃው ፕሮግራም ደግሞ በሌላ በኩል ይገለብጥ ነበር። እያንዳንዱ ቀጠሮ ዩአይዲ የሚባል መለያ አለው። ሁለት ፕሮግራሞች ዩአይዲው ያው ከሆነ "ይህን አውቀዋለሁ" ብለው ያልፋሉ። አንዱ ሲገለብጥ አዲስ ዩአይዲ ከሰጠው ግን ሌላው አዲስ ቀጠሮ ነው ብሎ እንደገና ይገለብጠዋል። የኔው ላይ የሆነው ይህ ነው።

መጀመሪያ ባክአፕ። ጉግል ካላንደር ሴቲንግ ውስጥ ኤክስፖርት ሲባል ሁሉንም ካላንደር በአንድ ዚፕ ያወርዳል፤ ለእያንዳንዱ ካላንደር አንድ አይሲኤስ ፋይል። ይህ ፋይል ተራ ጽሑፍ ነው፣ በኖትፓድ ይከፈታል። የፋይሉን አጻጻፍ የሚደነግገው ስታንዳርድ እ.ኤ.አ. በ1998 ወጣ፤ አሁን የምንሠራበት አርኤፍሲ 5545 የተባለው የ2009ኙ ሰነድ ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ ስንት የካላንደር ፕሮግራም መጥቶ ሄዷል። ፋይሉ ግን ዛሬም ይነበባል። ከዚህ በኋላ የምሠራው ሁሉ እዚህ ፋይል ላይ እንዲቆም ወስኛለሁ።

ትርፎቹን ለመለየት ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ትንሽ ስክሪፕት ጻፍኩ። ርዕሱ፣ መጀመሪያውና መጨረሻው አንድ ሆኖ ዩአይዲው የተለያየውን በቡድን ይሰበስባል። ከየቡድኑ ተጋባዦች ያሉበትን ያስቀርና የቀረውን ለመሰረዝ ይመዘግባል።

እዚህ ላይ ልብ ይባል። ተጋባዥ ያለበትን ቀጠሮ ዝም ብሎ መሰረዝ ለሁሉም ሰው "ስብሰባው ተሰርዟል" የሚል ኢሜይል ሊልክ ይችላል። በጉግል በኩል በፕሮግራም ሲሰረዝ ማሳወቂያ ለማንም እንዳይሄድ የሚያደርግ አማራጭ አለ፤ እሱን ሳልሞላ አንድም ቀጠሮ አልነካሁም። መጀመሪያ በራሴ ሁለተኛ ኢሜይል ሞከርኩት። ምንም አልመጣም። ከዚያ ሁሉንም ለቀቅኩት።

ወጪ፦ ዜሮ። ጊዜ፦ ሙሉ እሁድ።

መስከረም 16

ደመራ ነው፤ ቢሮ ቀደም ብለን ወጣን። አሮጌው ላፕቶፕ ላይ ሊኑክስ ጫንኩና ራዲካሌ የሚባለውን አነስተኛ የካላንደር ሰርቨር አስነሳሁ። ሐሳቡ የቤታችን ካላንደር በገዛ ቤታችን እንዲቀመጥ ነው። ራዲካሌ እያንዳንዱን ቀጠሮ እንደ አንድ አይሲኤስ ፋይል ፎልደር ውስጥ ያስቀምጣል። ይህን በጣም ወድጄዋለሁ። የተበላሸ ቀጠሮ ካለ ፋይሉን ከፍቶ ማየት ነው።

የቆዩት መመሪያዎች "ጫን፣ አስነሳ፣ ብሮውዘር ላይ 5232 በሚለው ፖርት ግባ" ይላሉ። በአዲሱ አይገባም። ከቨርዥን 3.5 ጀምሮ ራዲካሌ ፓስዎርድ ካልተዘጋጀለት ማንንም አያስገባም፤ ድሮ ክፍት ነበር። ትክክለኛ ለውጥ ነው። የተጠቃሚ ፋይል አዘጋጅቼ በኮንፊግ ውስጥ ሳመለክተው ተከፈተ።

ስልኮቹ ላይ ዳቭኤክስ5 ጫንኩ። ፕሌይ ስቶር ላይ በክፍያ ነው፤ ኤፍ ድሮይድ የሚባለው የመተግበሪያ መደብር ላይ በነፃ ይገኛል። ካልዳቭ በሚባለው ፕሮቶኮል ከራዲካሌ ጋር ይነጋገራል። ቤት ውስጥ ዋይፋይ ላይ ስንሆን እንከን የለውም።

መብራት ሲጠፋ ላፕቶፑ በባትሪው ይቆያል፤ ራውተሩ ግን ይሞታል። ከመርካቶ ለራውተር የሚሆን ሚኒ ዩፒኤስ ገዛሁ፣ 3,800 ብር። ሻጩ ከ4,500 ነው የጀመረው። ሲገዛ የሚታየው ቮልቱ ነው፦ ብዙ ራውተር 12 ቮልት ይጠይቃል፣ 9 ቮልት የሚጠይቅም አለ። የራውተሩ ቻርጀር ላይ ተጽፏል፤ ፎቶ አንስቶ ይዞ መሄድ ነው።

መስከረም 21

ራዲካሌ አልሆነልንም። ሰርቨሩ ምንም አልበደለም። የቤታችን ኢንተርኔት ከውጭ የሚደረስበት የራሱ አድራሻ የለውም። እኔ ቤት ሆኜ የቀየርኩት ቀጠሮ ባለቤቴ ሆስፒታል ስልክ ላይ የሚታየው ቤት ስትመለስ ነው። ለሌሊት ተረኛ ይህ ምን ይጠቅማል?

ቪፒኤን ማድረግ ይቻላል፤ ስልኳ ከውጭ ሆኖ ወደ ቤታችን ኔትወርክ የሚገባበት የተዘጋ መስመር ማለት ነው። ሞከርኩት፣ ይሠራል። ግን ስልኳ ላይ ሁልጊዜ በርቶ መዋል አለበት፣ ባትሪም ይበላል። ሌሊቱን ሙሉ በሽተኛ ስታይ የምታድር ሰው ስልኳ ንጋት ላይ መሞት የለበትም።

ስለዚህ የቤቱ ካላንደር ጉግል ላይ ይቆያል። ራዲካሌን አላጠፋሁትም። ላፕቶፑ በየማታው ከጉግል ያለውን ሁሉ አውርዶ እሱ ውስጥ ያስቀምጣል። አንድ ቀን አካውንቱ ቢቆለፍ ወይም ሌላ አፕግሬድ ቢያተራምሰው የሁላችንም ቀጠሮ ቤት ውስጥ አለ።

መስከረም 23

ዛሬ ወረቀት ላይ ሠራሁት። ከዚህ በፊት የነበረው ሲስተም በሁለቱም አቅጣጫ ይገለብጥ ነበር፦ ከቢሮ ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ ቢሮ። እኔ እስከገባኝ ድረስ የመባዛቱ ሁሉ ሥር ይህ ነው። አንድ ቀጠሮ ሁለት ጌታ ካለው፣ አንዱ ፕሮግራም ሲቀየር ማን ትክክል እንደሆነ የሚያውቅ የለም። አዲሱ ሕግ፦ እያንዳንዱ ቀጠሮ የሚታረመው የተወለደበት ቦታ ብቻ ነው። ሌላው ቦታ ያለው ጥላው ነው፤ ጥላው ላይ የተነካ ነገር ወደ ኋላ አይመለስም።

ከዚያ የአይቲውን ልጅ አነጋገርኩት።

"ጋሼ፣ ዝርዝሩን ወደ ውጭ ማውጣት አይፈቀድም" አለኝ።

"ሰዓቱ ብቻ ይበቃኛል። ርዕሱም የሰው ስምም አያስፈልገኝም።"

"እሱማ ይቻላል። የተያዘ ሰዓት ብቻ የሚያሳየውን ሊንክ ልክፈትልዎት።"

አውትሉክ ካላንደርን በሊንክ ሲያወጣ ደረጃ አለው፦ የተያዘ ሰዓት ብቻ፣ ርዕስና ቦታ፣ ሙሉ ዝርዝር። የመጀመሪያው ለኛ በቂ ነው። ክልከላውም ልክ ነው። የስብሰባ ርዕስ ውስጥ የሰው ስም፣ የበጀት ጉዳይ፣ የቅጥር ጉዳይ ይኖራል። እነዚህ የግል አካውንቴ ውስጥ የሚገቡበት ምክንያት የለም። ባለቤቴም የምትፈልገው ከ8 እስከ 9 ሰዓት ስልክ ማንሳት እችል እንደሆነ ብቻ ነው።

መስከረም 26

ሊንኩን በቀጥታ ጉግል ካላንደር ላይ ጨመርኩት። ገባ። ግን በሊንክ የገባ ካላንደር ላይ የተደረገ ለውጥ እስኪታይ እስከ 12 ሰዓታት ሊወስድ ይችላል፤ ጉግል ራሱ ይላል። ጠዋት ቢሮ ያዘዋወርኩት ስብሰባ ከሰዓት በኋላም ቤት ውስጥ በድሮው ቦታው ነበር። ለበዓል ቀናት ካላንደር ይሆናል። ልጅ ለማምጣት አይሆንም።

ስለዚህ ሥራውን ላፕቶፑ ይሥራው። በየ15 ደቂቃው ሊንኩን ያወርዳል፣ ካለፈው ጋር ያወዳድራል፣ ልዩነቱን ብቻ በጉግል ኤፒአይ (ፕሮግራሞች ከጉግል ጋር በሚነጋገሩበት በር) በኩል "ቢሮ" የሚባል ካላንደር ውስጥ ይጽፋል። ሲጽፍ የምንጩን ዩአይዲ በማይታይ ተጨማሪ መስክ ያስቀምጣል። በሚቀጥለው ዙር የሚፈልገው በርዕስ ሳይሆን በዚህ መለያ ነው። ከተደጋጋሚ ስብሰባ ውስጥ አንዱ ቀን ብቻ ሲዘዋወር ዩአይዲው ያው ይሆናል፤ የሚለየው የትኛው ቀን እንደሆነ የሚናገረው ሪከረንስ አይዲ የሚባለው ነው። ስለዚህ መለያው ሁለቱ አንድ ላይ ተጣምረው መሆን አለበት። ይህን ያልያዘ ስክሪፕት የተዘዋወረውን አንድ ቀን ይውጠዋል።

ጥቅምት 1

"ቢሮ" ካላንደር ባዶ ሆኖ አደረ።

ስክሪፕቱ የሠራውን የሚመዘግብበትን ሎግ ሳይ፣ ሌሊት ላይ ሊንኩ የመለሰው አይሲኤስ ፋይል አይደለም፤ "ቆይተው ይሞክሩ" የሚል የዌብ ገጽ ነው። ስክሪፕቱ ገጹን አነበበ፣ አንድም ቀጠሮ አላገኘም፣ "ሁሉም ተሰርዟል ማለት ነው" ብሎ ሁሉንም ሰረዘ። መረጃው አልጠፋም፤ ጥላው ነው የጠፋው፣ በሚቀጥለው ዙር ተመልሶ ሞላ። የአንድ አቅጣጫው ሕግ ጥቅም እዚህ ታየኝ። ድሮ ቢሆን ባዶነቱ ወደ ቢሮ ተመልሶ ይሄድ ነበር።

ሁለት ጥበቃ ጨመርኩ። ፋይሉ ሲጀምር ቪካላንደር የሚለው መስመር ከሌለ አይነካውም። የቀጠሮው ብዛት ከባለፈው ዙር ከግማሽ በታች ከወረደ ምንም ሳይሰርዝ በቴሌግራም ይጠይቀኛል። የቴሌግራም ቦት ነፃ ነው፣ ለማቆም ብዙ ጊዜ አይወስድም።

ጥቅምት 3

ስክሪፕቱ ቆመ። የጉግል ፈቃዱ አልቋል ይላል። አንድ ሳምንት ሠርቶ መቆሙ ነገሩን ጠቆመኝ። ጉግል ላይ የራስን ትንሽ መተግበሪያ ሲያስመዘግቡ "በሙከራ ላይ" ተብሎ ይቀመጣል፤ በዚህ ሁኔታ እያለ የሚሰጠው ማደሻ ቶክን (ፈቃዱን የሚያድሰው ቁልፍ) ከ7 ቀን በኋላ ይሞታል። መፍትሔው መተግበሪያው የተመዘገበበት የጉግል ኮንሶል ውስጥ ገብቶ ሁኔታውን ከሙከራ ወደ ሥራ ላይ መቀየር፣ ከዚያ እንደገና ሎግኢን ማድረግ ነው። ሎግኢን ሲደረግ ያልተረጋገጠ መተግበሪያ ነው የሚል ማስጠንቀቂያ ይመጣል፤ የራሴ ስለሆነ አልፌዋለሁ። ተመሳሳይ ነገር የሚሠራ ሰው ይህን አስቀድሞ ቢያደርግ ብዙ ይተርፋል።

ጥቅምት 6

ከቤት ወደ ቢሮ። የቤቱን ካላንደር አውትሉክ ላይ በሊንክ መጨመር ይቻላል፣ ግን ለእይታ ብቻ ነው። የሥራ ባልደረቦቼ ስብሰባ ሊጠሩ ሲሉ እኔን ነፃ ነው ብሎ ነው የሚያሳያቸው።

የተሻለው ቀላሉ ነው፦ በሥራ ሰዓት የሚውል የቤት ጉዳይ ካለ፣ ጉግል ላይ ስፈጥረው የቢሮ ኢሜይሌን እጋብዛለሁ። ግብዣው ቢሮ ይደርሳል፣ እቀበለዋለሁ፣ ሰዓቱ ይያዛል። ተጨማሪ ፕሮግራም የለም። የትኛውም የካላንደር ፕሮግራም ግብዣ መቀበል ስለሚችል የሚቀጥለው አፕግሬድም አይሰብረውም። ርዕሱን "የግል ጉዳይ" እላለሁ፤ የልጄ ሐኪም ቤት ቢሮ ላይ መነበብ የለበትም።

ወዲያው አንድ ነገር ተከተለ። የተቀበልኩት ግብዣ ቢሮ ላይ የተያዘ ሰዓት ስለሆነ፣ በሊንኩ ተመልሶ ወደ ቤት መጣ፤ "የግል ጉዳይ" እና "ቢሮ" አንድ ሰዓት ላይ ተደራረቡ። ስክሪፕቱ አሁን ከመጻፉ በፊት የቤቱን ካላንደር ያያል። የቢሮ ኢሜይሌ የተጋበዘበት፣ መጀመሪያውና መጨረሻው የሚገጥም ቀጠሮ ካለ ያልፈዋል።

ጥቅምት 10

የእኛ ቀን አቆጣጠር። ቀላል መስሎኝ ለመጨረሻ ያቆየሁት ነበር፤ ከሁሉ በላይ ጊዜ የወሰደው እሱ ሆነ።

የባለቤቴ እናት የጽዋ ማኅበር በየወሩ በ12 ነው፣ የሚካኤል። እድራችን በየወሩ የመጀመሪያ እሁድ ይሰበሰባል። ሁለቱም በእኛ ወር። ካላንደር ፕሮግራሞቹ "በየወሩ" ሲባሉ የፈረንጁን ወር ነው የሚይዙት። ለእድሩ "የወሩ የመጀመሪያ እሁድ" ብዬ ስሞላ ኦክቶበር 5ን ሰጠኝ። ያ መስከረም 25 ነው። ትክክለኛው ጥቅምት 2፣ ኦክቶበር 12 ነበር። አንድ ሳምንት ሙሉ ይስታል።

ለማኅበሩ ወራችን ሁሉ 30 ቀን ስለሆነ "በየ30 ቀኑ" ማለት ያስኬዳል። ከመስከረም 12 ቢነሳ እስከ ነሐሴ 12 ድረስ አንድም አይስትም። ከዚያ ጳጉሜ አለች። ቀጣዩ መስከረም 12 ላይ መዋል ሲገባው መስከረም 7 ላይ ይወድቃል። ዘንድሮ ጳጉሜ 5 ቀን ናት፤ 2019 ዘመነ ሉቃስ ስለሆነ 6 ትሆናለች። ያኔ መሳቱ በ6 ቀን ነው።

ስታንዳርዱ ውስጥ መልስ አለ። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው አርኤፍሲ 7529 ቀጠሮ በሌላ የዘመን አቆጣጠር እንዲደጋገም የሚፈቅድ አርስኬል የሚባል ምልክት ጨምሯል። ምሳሌ ከሰጠባቸው አቆጣጠሮች አንዱ የኛው ነው፤ የጳጉሜን የመጀመሪያ ቀን በየዓመቱ የሚደግም ቀጠሮ ጽፎ ያሳያል። ሳነበው ደስ አለኝ። እንደዚያው ጽፌ ስልኮቻችን ላይ ጫንኩት። የመጀመሪያውን ቀን አሳዩ፣ ድግግሞሹን አላወቁትም። ስታንዳርድ ውስጥ መጻፉ ብቻ አይበቃም፤ ፕሮግራም ሠሪዎቹ ማስገባት አለባቸው። ይህ ቢሟላ ለስንት ቤት ይጠቅማል።

ስለዚህ ስክሪፕቱ ራሱ ቀኖቹን ይቁጠር። የሁለት ዓመቱን የማኅበርና የእድር ቀን አስልቶ፣ እያንዳንዱን እንደ አንድ ነጠላ ቀጠሮ ይጽፋል። ዩአይዲውን ከቀኑ ነው የሚሠራው፦ "ማኅበር፣ 2018፣ 02፣ 12" በሚል ቅርጽ። እንደገና ቢሮጥ ያው ዩአይዲ ስለሚወጣ አይባዛም። የልጁ ልደትም እዚህ ገባ። ኅዳር 5 የተወለደ ልጅ ልደቱ ብዙውን ጊዜ ኖቬምበር 14 ነው፤ ጳጉሜ 6 ከሆነችበት ዓመት በኋላ ግን 15 ይሆናል።

ጥቅምት 13

ሰዓቱስ? ባለቤቴ የልጁን የጥርስ ቀጠሮ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ብላ መዘገበች። ስልኩ 3:00 ጥዋት አለ፣ እሷም ልክ ነው ብላ አለፈች። ማንም አማርኛ ተናጋሪ እንዲያ ነው የሚያነበው። ለስልኩ ግን 3:00 ጥዋት ማለት ሌሊት 9 ሰዓት ነው። ማስታወሻው ሌሊት 8 ሰዓት ተኩል ላይ ጮኸ፤ ቤቱ በሙሉ ተነሳ።

"ስልኩን ወደ እንግሊዝኛ ልመልሰው?" አለችኝ።

"አይ፣ ስልኩ ነው ወደኛ መምጣት ያለበት" አልኳት።

ሁለት ነገር ሠራሁ። አንደኛ፣ ስክሪፕቱ ቤት ካላንደር ውስጥ ያለ ቀጠሮ ሁሉ ርዕስ ጫፍ ላይ የኛን ሰዓት ይጨምራል። 9:00 ላይ ያለው "ጥርስ ሐኪም፣ ከጠዋቱ 3" ይሆናል፤ 16:00 ላይ ያለው "ከቀኑ 10"። ሒሳቡ 6 መቀነስ ነው፤ ዜሮ ሲመጣ 12 ይባላል፣ ከ12 ሲበልጥ 12 ይቀነሳል፣ ከዜሮ ሲያንስ 12 ይደመራል። ሁለተኛ፣ ከእኩለ ሌሊት እስከ ንጋቱ 11 ሰዓት መካከል የገባ ቀጠሮ ርዕሱ ውስጥ "ሌሊት" የሚል ቃል ከሌለ ቦቱ ይጠይቃል፦ "ይህ ሌሊት ነው ወይስ ቀን?"

የሌሊት ነገር ራሱን የቻለ ጉዳይ አለው። ወንድሟ ከዱባይ ሲመጣ "ሐሙስ ሌሊት 8 ሰዓት ነው የማርፈው" ብሎ ጻፈ። ለኛ ሐሙስ ለዓርብ አጥቢያ ማለት ነው። ለኮምፒውተሩ ዓርብ 2:00 ነው። ሐሙስ ብሎ ቢገባ አንድ ሌሊት ቀድመን ቦሌ ሄደን እንጠብቅ ነበር። ለሌሊት ቀጠሮ ቦቱ አሁን መልሶ የሚያነበው በሁለቱም ነው፦ "ሐሙስ ለዓርብ አጥቢያ፣ ኦክቶበር 31 ዓርብ 2:00። ልክ ነው?" የሷን የማታ ተራም በዚሁ መልክ ነው የሚያረጋግጠው። ይህን ወዳዋለች።

ጥቅምት 17

አውሮፓ ትናንት፣ እሁድ ጥቅምት 16፣ ሰዓቱን ወደ ኋላ መለሰ። እኛ ሰዓት አንቀይርም፤ ዓመቱን ሙሉ ከግሪንዊች 3 ሰዓት እንቀድማለን። ስለዚህ የጄኔቫው የሰኞ ስብሰባ ለነሱ ያው 10:00 ቢሆንም፣ ለኛ ከጠዋቱ 5 ወደ ቀኑ 6 ሰዓት ተዛወረ።

ለዚህ ባለፈው ሳምንት ተዘጋጅቻለሁ። የቢሮው ፋይል የሰዓት ቀጠናዎችን የሚጠራው በዊንዶውስ ስም ነው። የኛው "ኢ. አፍሪካ ስታንዳርድ ታይም"፣ የጄኔቫው "ደብሊው. ዩሮፕ ስታንዳርድ ታይም" ይባላል። ፓይተን ደግሞ "አፍሪካ/አዲስ አበባ"፣ "ዩሮፕ/ዙሪክ" የሚሉትን ነው የሚያውቀው። ሁለቱን የሚያገናኝ ሰንጠረዥ ዩኒኮድ የሚባለው ድርጅት ያዘጋጃል፤ እሱን ወስጄ አስገባሁ። አቋራጩ "ጄኔቫ ማለት ሲደመር ሁለት ነው" ብሎ ቁጥር መጻፍ ነበር። ክረምቱን በሙሉ ይሠራና ትናንት ይሰበር ነበር። ስሙ ውስጥ ያለው "ስታንዳርድ" የአውሮፓ የብርድ ወቅት ሰዓት ብቻ ማለትም አይደለም፤ ሁለቱንም ወቅት ይይዛል።

ዛሬ ጠዋት ስልኬ "ቢሮ፣ ከቀኑ 6" ብሎ አሳየ። የባለቤቴም እንዲሁ።

ጥቅምት 24

አሜሪካ ትናንት ቀየረች፣ ከአውሮፓ አንድ ሳምንት ዘግይታ። የዋሽንግተኑ የጠዋት 9:00 ስብሰባ ለኛ ከ10 ወደ 11 ሰዓት ሄደ። ልጁ ከትምህርት ቤት የሚወጣው 9 ሰዓት ተኩል ስለሆነ፣ እስከ የካቲት መጨረሻ ድረስ ሰኞ ሰኞ እኔ ላመጣው እችላለሁ። ባለቤቴ የሰኞ ተራዋን በዚያ መሠረት እየተነጋገረች ነው።

ሲመለስ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል። አሜሪካ የካቲት 29 ትቀድማለች፣ አውሮፓ መጋቢት 20 ትከተላለች። በመካከሉ ሦስት ሳምንት የሁለቱ ልዩነት ይጠባል። ቦቱ ከሁለቱም በፊት ባለው ሐሙስ የሚዘዋወሩትን ስብሰባዎች ዘርዝሮ እንዲልክልን አድርጌያለሁ።

ኅዳር 3

አሁን ያለበት። ነፃው ፕሮግራም ከሁሉም ማሽን ወጥቷል። የስልኬ የሜይል መተግበሪያ ካላንደር የመገልበጥ ፈቃዱ ተዘግቷል፤ ከእያንዳንዱ የስልክ አፕዴት በኋላ ይህን ቁልፍ አያለሁ፣ ምክንያቱም አንድ ጊዜ ራሱ ተመልሶ በርቶ አግኝቼዋለሁ። ላፕቶፑ እየሠራ ነው። ራዲካሌ ውስጥ ያለው የማታ ባክአፕ ሲከፈት ይነበባል፤ ተንደርበርድ ላይ አስገብቼ አይቸዋለሁ።

ጠቅላላ ወጪ፦ ሚኒ ዩፒኤስ 3,800፣ ለላፕቶፑ አዲስ ቻርጀር 1,400፣ ታክሲ። የወር ክፍያ የለም።

የቀረው የባለቤቴ የተረኝነት ሰንጠረዥ ነው። እስካሁን በወረቀት ተጽፎ፣ ፎቶ ተነስቶ በቴሌግራም ግሩፕ ነው የሚመጣው። ከፎቶው አይቼ በእጄ ነው የማስገባው፤ ረጅሙ ሥራም ይሄው ሆኗል። ትናንት ባለቤቴ የክፍሉን ኃላፊ አነጋግራለች። ኃላፊዋ ሰንጠረዡን መጀመሪያ የምትሠራው ኤክሴል ላይ እንደሆነ፣ ወረቀቱም ከዚያ የሚታተም እንደሆነ ነገረቻት። ከታኅሣሥ ጀምሮ ፋይሉን ራሱን ግሩፑ ላይ ልትለቅላቸው ተስማምታለች። ሌሎቹ ነርሶችም ፈልገውታል። ስለዚህ የሚቀጥለው ሥራ ኤክሴሉን አንብቦ ለእያንዳንዷ የራሷን አይሲኤስ ፋይል የሚያወጣ ስክሪፕት ነው።